አባቴ፣ የባሎች ሁሉ ዋስ

የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ሽታ የትም ቢያጋጥመኝ እግሬ ቀጥ ይላል። በቀደም ደሴ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ አንዲት ሴትዮ በሯ ላይ ተቀምጣ የልጇን ዩኒፎርም በከሰል ካውያ ስትተኩስ፣ ያ ጭስም እንፋሎትም የሆነ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ የምሄድበትን ጉዳይ አስረስቶ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ወዳለው በረንዳችን መልሶ ወሰደኝ። ሴትዮዋ «ምን ፈለግሽ እህቴ?» ስትለኝ መንገድ የጠፋብኝ መስዬ አለፍኩ። ካውያሽን ላሽት ነው የቆምኩት አይባል ነገር!

አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ «ሰይድ ሰፊው» ካልተባለ በሐይቅ ማንም አያውቀውም ነበር። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት መልስ የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ይውላል፤ እኔ ደግሞ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ፣ የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊቴ ልብስ እየለቀምኩ፣ ከላይ የሚወራውንም አብሬ እለቅም ነበር። ስሜ ሀዋ ነው፤ እናቴ ግን «ይቺ ልጅ ጆሮዋ ቀድሞ ተወልዶ እሷ ተከተለችው» እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳጣኝ ነበር። ምላሴም ቢሆን ከጆሮዬ አያንስም ነበር።

በዚያ በረንዳ ላይ ግን ልብስ ብቻ አልነበረም የሚሰፋው። ባልና ሚስት ሲጣሉም ወደዚያው ይመጡ ነበር፤ አባቴ ቃሉ ለስላሳ ስለነበረ፣ ወፍጮ ቤት የነበራቸው ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራም ሽበታቸው የሚከበር ስለነበረ፣ አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን ሆነው፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰፈሩን ጠብ ሲያበርዱ ይውሉ ነበር። ሥርዓቱን እንደ ፋቲሃ በቃሌ አውቀው ነበር። መጀመሪያ ሴቲቱ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ፣ ግማሹን ተናግራ ግማሹን ትውጠዋለች። ቀጥሎ ባልየው ሰይጣን ነው፣ ንዴት ነው፣ ምላሷ ነው ይላል። ከዚያ ምክር ይወርዳል፤ ለሱ «ተው እንጂ!»፣ ለሷ «ታገሺ፣ ሰብር አድርጊ» ይባላል። ባልየው ጉልበት ስሞ «አውፍ በይኝ» ይላታል፣ እሷም ምን ታድርግ፣ «አውፍ ብያለሁ» ትላለች፣ ይቅርታው ሲያልቅ ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በል እንግዲህ ዋስ ጥራ» ይላሉ። ዋስ ማለት፣ ይህ ሰው ሁለተኛ እጁን አያነሳም፣ በእኔ ይሁንባችሁ ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ባልየው ግራ ቀኙን ያያል፣ የተሰበሰበው ሰው መሬት መሬት ያያል፤ ያን ጊዜ አባቴ፣ አንጀቱ አይችልምና፣ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ «እኔ አለሁ» ይላል።

የስንቱ ባል ዋስ እንደሆነ እሱም አያውቀውም ነበር። እናቴ «ኧረ ሰይዶ፣ የባሎች ሁሉ ዋስ! እኔን የመታኸኝ እንደሆነ አንተስ ማንን ልትጠራ ነው?» እያለች ትቀልድበት ነበር። አባቴ እናቴን አንድም ቀን መትቶ ስለማያውቅ ይስቃል፣ እኔም ከጠረጴዛው ሥር አብሬ እስቅ ነበር።

አክስቴ ዘይነባ ከጂዳ የተመለሰችው ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ነው። ባጃጆቹ ባንዲራ አስረው፣ ዘፈን ከፍተው ሽቅብ ቁልቁል የሚሉበት፣ በየሻይ ቤቱ «ለውጥ» ሳይል ሻይ የሚጠጣ ሰው የማይገኝበት ጊዜ ነበር፤ ጋሽ ተፈራ እንኳ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በሕግ ነው» ይሉ ነበር። ዘይነባ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እሱ ነው ያሳደጋት፣ «ወንድም ጋሼ» ነበር የምትለው። ዓመታት ሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ፣ ሻንጣዋን በረንዳው ላይ ስትከፍተው ሽቶው የአባቴን ካውያ አሸነፈው። በዐረብኛ ትቆጣኛለች፣ በዐረብኛ ታቆላምጠኛለች፤ አሻንጉሊቴን ባየች ቁጥር «ይሄ ሰው ነው ወይስ ጅኒ?» ብላ፣ ቆማ የጀመረችውን ሳቅ ተቀምጣ ነበር የምትጨርሰው።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ጀማልን አገባች። ጀማል ባጃጅ ነጂ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ወደነው ነበር። በቤታችን ሲያልፍ ክላክሱን በዜማ ይነፋል፣ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር በነፃ ያደርሳል፣ እኔን ከትምህርት ቤት ስወጣ ካገኘኝ «ወይዘሮ ሀዋ፣ ይግቡ እንጂ!» ብሎ ከኋላ እንደ እመቤት አስቀምጦኝ ያመጣኝ ነበር። ያን ጊዜ ክፉ ሰው ግንባሩ ላይ የሚጻፍበት ይመስለኝ ነበር፤ የጀማል ግንባር ደግሞ ንጹሕ ነው።

ክረምት ገብቶ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ፣ ባጃጁ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ሲበዛ፣ አክስቴ አንድ ቀን ሻሿን ዓይኗ ድረስ ስባ መጣች። «ወድቄ ነው፣ ጭቃው አዳልጦኝ» አለች። እናቴ ሻሹን በጣቷ ወደ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ ቅንድቧ ላይ ያለውን ሰምበር አይታ፣ «ጭቃው ቀለበት ያደርጋል እንዴ ዘይኑ?» አለቻት። አክስቴ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና እኔም ከጠረጴዛው ሥር ሳልወጣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጀማል ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሲያለቅስ የምሩን ነበር፤ አፍንጫው ሁሉ ፈሶ፣ የአባቴን ጉልበት አልለቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምን እንደነካኝ አላውቀውም፣ ወላሂ አላውቀውም» ይላል። ዋስ ጥራ ሲባል አባቴ «እኔ አለሁ» አለ። ጋሽ ተፈራ ደንገጥ ብለው «ኧረ ሰይድ፣ ወንድሟ ሆነህ ለባሏ ዋስ ትሆናለህ? ይሄ ነገር ደንብ ነው?» ቢሉት፣ «ከኔ የበለጠ ማን ሊጠብቃት?» ብሎ መለሰላቸው። ነገሩ ሁላችንንም አሳመነን። አክስቴ ፌስታሏን አንጠልጥላ ከባሏ ኋላ ኋላ ሄደች፣ ዝናቡም እንደጉድ ይወርድ ነበር።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ተመልሳ መጣች። በበጋው፣ ጭቃ በሌለበት፣ ደግሞ መጣች። ያው ሥርዓት፣ ያው እንባ፣ ያው «አውፍ በይኝ»፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። ከታረቁ በኋላ ጀማል ለሳምንት ያህል እንደ ሙሽራ ይሆናል፣ ሐብሐብ ገዝቶላት ይገባል፣ ክላክሱን በዜማ ይነፋል። እሷ ግን ዐረብኛውን ተወችው፣ ሳቋንም ቆማ ጀምራ ቆማ ትጨርሰው ጀመር። ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም «የባልና ሚስት ነገር ነው» ይላል፤ እንዲያውም «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የምትለዋን ተረት በበረንዳችን ላይ አንድ ሰውዬ በሳቅ ሲያወራት ሰምቼ፣ እኔ ልጅቱ በንዴት የሰውየውን የጫማ ክር ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬበት አውቃለሁ። ሲነሳ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ተገረፍኩ፣ ግን አልቆጨኝም።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ አባቴ የጀማልን ሱሪ እያጠበበ ሳለ፣ ከሥሩ ሆኜ «አባ፣ ሰውየው ቃሉን ሲያፈርስ ዋሱ ምን ይሆናል?» አልኩት። የመኪናው ፔዳል ቆመ።

«ዋሱ ያፍራል» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» ብሎ፣ ሱሪውን አገላብጦ አይቶ፣ «ሂጂ ከሰል አምጪ፣ ካውያው ቀዘቀዘ» አለኝ። ካውያው አልቀዘቀዘም ነበር፤ እጄን አስጠግቼ አይቻለሁ።

የዚያን ዓመት በልግ በሰሜን ጦርነት ተጀምሮ ስለነበር፣ ወታደር የጫኑ መኪኖች በበረንዳችን ፊት ወደ ወልዲያ ያልፉ ነበር፤ እኛ ልጆቹ እጃችንን እያውለበለብን እንሸኛቸዋለን። አክስቴ ክንዷ ተሰብሮ የመጣችው ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ነው። አባቴ አግዳሚውን ሊያስተካክል ሲነሳ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ «ተወው፣ ዛሬ በረንዳ የለም» አለችው፣ አክስቴን በደህናው ክንዷ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የምትይዝ አንዲት ሳጅን ነበረች፤ ቃሏን ተቀብላ፣ ጤና ጣቢያ ልካ፣ የሐኪም ማስረጃ አስጽፋ፣ በዚያው ዕለት ጀማልን ከባጃጅ ተራ አስመጥታ አሰረችው። አጃኢብ! ባሏን ያሳሰረች ሴት በሰፈራችን ታይታ አታውቅም፤ ገበያው ሁሉ ሌላ ወሬ አጣ። «አገር ጦርነት ላይ ሆኖ የሷ ጥፊ ዜና ይሁን?» አሉ።

አክስቴ እኛ ቤት ሰንብታ ሰው ሰው መምሰል ስትጀምር የጀማል እናት መጡ። በረንዳው ላይ ተንበርክከው፣ ሽበታቸውን ገልጠው፣ «ሰይዶ፣ አንድ ልጄን ነው፣ በሰው ዋስ ይለቀቃል ብለውኛል፣ የአላህ ያለህ!» ሲሉ አባቴ እንደ ልማዱ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ። ሄዶ ፈረመ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ «አብሽሪ ዘይኑ! እስከዛሬ ዋስ የሆንኩልሽ በባዶ አፍ ነበር፣ ዛሬ ግን በመንግሥት ወረቀት፣ በማኅተም ነው! ከእንግዲህ ጫፍሽን ቢነካ የሚጠየቀው መንግሥት ፊት ነው» አላት። እናቴ ብቻ «ዋስ የሆንከው ለማን ነው ሰይድ?» ብላ ጠየቀችው። «ለዘይኑ ነዋ! ለማን ልሆን ኖሯል?» አለ ተገርሞ።

አባቴ የሚያውቀው አንድ ዋስ ነው፤ ጋሽ ተፈራ «ዋስ ጥራ» ሲሉ የሚጠራውን ዋስ። አክስቴም የምታውቀው ያንኑ ነው። ስለዚህ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ልብሷንና ድስቶቿን ለማምጣት፣ ማኅተም ያለበት ዋስ አለኝ ብላ፣ ተረጋግታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ጀማል ቤት ነበር። ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ገብተው ተሸክመው አወጧት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በግራ ጆሮዋ አትሰማም፣ እኛም ስናዋራት በቀኟ በኩል እንቀመጣለን።

አባቴ እጁ ላይ የነበረውን መቀስ ጥሎ ወደ ጣቢያ ሲሮጥ እኔም ከኋላው ሮጥኩ፣ ማንም ተመለሺ አላለኝም። ሳጅኗ ፊት ቆሞ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ዋስ ሆኜ አልነበረም እንዴ? እንዴት እንደገና ይመታታል? ፈርሜላችሁ የለም?» አላት። ሳጅኗ መጀመሪያ የሚለው አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እርስዎ የፈረሙት በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ነው። እንዲወጣ ነው ዋስ የሆኑት። እንዳይመታት አይደለም።»

«ታዲያ እንዳይመታት ዋሷ ማን ነው?»

አባቴ ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር፤ «እኔ ነኝ ያስፈታሁት፣ በእጄ ነው ያስመታኋት» ሲል ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ለአባቴ እንደዚያን ቀን ያዘንኩለት ቀን የለም። ሳጅኗም አዝናለት መሰለኝ፣ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀምጣ ነገረችው፤ አዲስ ክስ ተጽፏል፣ ይያዛል፣ ነገር ግን ፖሊሶቹ ለፍተሻ ኬላ ወጥተዋል፣ ሲመለሱ ነው የሚያመጡት፤ ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ዋስትናዬን አወርዳለሁ ካለ፣ ሰውየውን ራሱ ይዞ መጥቶ ማስረከብ ይችላል። አባቴ «ራሴ ይዤው?» አለ። «ይችላሉ፣ ግን ፖሊሶቹ እስኪመጡ ይጠብቁ» አለችው። አልጠበቀም።

ጀማል ባጃጅ ተራው ላይ ባጃጁ ውስጥ እግሩን አንፈራጥጦ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ቀጭን ሰው ነው፤ ጀማል ቢገፋው ሐይቁ ድረስ የሚንከባለል ይመስለኝ ስለነበር በልቤ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ። አባቴ ግን አልጮኸም። «ጀማል፣ ዋስህ ጠራህ፣ ተነስ» አለው። ጀማል ሊስቅ ሞከረ፣ ግራ ቀኝ አየ፤ ነጂዎቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው ያዩታል። በእኛ ዘንድ ዋሱ ሲጠራው እምቢ ያለ ሰው ዳግመኛ ዋስ አያገኝም፣ ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ ማን ያበድረዋል፣ ማን ይድርለታል? ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ጀማል ወረደ። አስፋልቱን ይዘው፣ አባቴ ክንዱን ሳይነካው፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም መሬት እያዩ ጣቢያ ድረስ ሄዱ፣ ሱቅ ጠባቂው፣ አሣ ሻጩ፣ ሻይ ጠጪው ሁሉ በሩ ላይ ወጥቶ ያያቸው ነበር። አባቴ ሳጅኗ ፊት አቁሞት «ይኸው፣ ዋስትናዬን መልሱልኝ» አለ።

ክረምቱ ሲገባ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዐቃቤ ሕጉ አባቴን ምስክር አድርጎ ስለጠራው፣ ጋሽ ተፈራ ከበረንዳችን ላይ ተቆጥተው ተነሱ፤ «በሽምግልና የተሰማ ገበና ዳኛ ፊት ይዘረገፋል? ከእንግዲህ ማን ያምነናል?» ብለውት ሄዱ። አባቴ ግን ሄዶ፣ ስንት ጊዜ እንደታረቁ፣ ስንት ጊዜ ዋስ እንደሆነ፣ ምን እንዳየና አይቶ ምን እንደሸፈነ ሁሉንም ተናገረ። ጀማል ተፈርዶበት ታሰረ። በሰፈራችን ያሉ ባሎች ሱሪያቸውን ሌላ ሰፊ ጋ ማሰፋት ጀመሩ፤ እናቴ «ይሁን፣ የሴት ቀሚስ ይበቃናል» ብትልም ቤታችን ተጎድቶ ነበር። አባቴ ሲሰፋ አያወራም፤ አግዳሚውም ባዶውን ይውል ነበር።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ራሱ ሐይቅ መጣ። ከባድ መሣሪያው ከተራራው ማዶ ሲያጓራ፣ ሰው ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ አስፋልቱን ሲሞላው፣ እኛ ወደ ደሴ አልሄድንም፤ በእግራችን ወደ አርዲቦ ሐይቅ ገጠር፣ የእናቴ ዘመድ ቤት ገባን። ቤቱ በተፈናቃይ ጢም ብሎ ነበር፤ ጋሽ ተፈራም ከነቤተሰባቸው እዚያው ነበሩ፣ ያኮረፉትን አባቴን አቅፈው ያለቀሱትም እዚያው ነው። ሌላው ሰው የሚያዳምጠው ሰማዩን ነበር፤ አክስቴ ግን በደህናው ጆሮዋ መንገዱን ታዳምጥ፣ ከሚመጣው ሰው ሁሉ መሀል አንድ ፊት ትፈልግ ነበር። አልተሳሳተችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀማል መጣ። አንዱ በግርግሩ ከእስር ወጣ አለ፣ ሌላው ጊዜውን ጨርሶ ነው አለ፤ ብቻ ከስቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ያ ዜመኛ ሰውዬ ሌላ ሰው መስሎ መጣ። ሳየው አሳዘነኝ፤ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

ወደ አክስቴ አልቀረበም። እንጨት ይፈልጣል፣ ለአሮጊቶቹ ውሃ ያመላልሳል፣ የታመመ ልጅ ያዝላል፤ ሰዉም አይቶ ራራለት። እናም ሽማግሌዎቹ፣ በዚያ መከራ መሀል፣ በደጁ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዘይነባ ልጄ፣ አገር እየነደደ ነው፣ ነገ መኖራችንን ማን ያውቃል? በእንዲህ ያለ ቀን ቂም ይዞ መሞት ደግ አይደለም። አውፍ በይው። ሰይድም እንደ ድሮው ዋስ ይሁን» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ጀማል ሊንበረከክ ተዘጋጅቷል። አባቴ ደግሞ ማንንም አላየም፣ ያየው እህቱን ብቻ ነበር፤ እኔ ከእናቴ ኋላ ቆሜ፣ ያ «እኔ አለሁ» የሚለው ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ከንፈሩን ከንፈሩን አየው ነበር።

አክስቴ ተነሳች። ሻሿን ወደ ግንባሯ አልሳበችም።

«ጋሽ ተፈራ» አለች፣ «ከሐይቅ ስንወጣ ቤታችን ላይ እሳት እየመጣ ነበር፤ ማንም ‹ሰብር አድርጉ፣ ግቡ› አላለንም። ሽሹ ነው ያሉን። እኔም እሳት ነው የሸሸሁት። አውፍ ልበለው ግዴለም፣ ብያለሁ፣ አላህም አውፍ ይበለው። ግን አልመለስም።»

አባቴም «ዋስ አልሆንም» አለ። በሕይወቴ አባቴ ለሰው እምቢ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ስላልለመደበትም ደገመው። «ተፈራ ወንድሜ፣ አልሆንም። ለማንም ባል አልሆንም።» ጋሽ ተፈራ «ዋስ ከሌለው እርቅ የለም» አሉና በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ጀማል ሳይመሽ ጨርቁን ጠቅልሎ ሄደ፤ ወደ የት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘንም። እናቴ ለመንገዱ ቆሎ ቋጥራ ሰጥታው ነበር፣ ተቀበላት።

ጦሩ ካለፈ በኋላ ስንመለስ የአባቴ መኪና አልነበረም፤ አክስቴ ከጂዳ ያመጣችውን ወርቅ ሽጣ ሌላ ገዛችለት፣ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ መስፋት ተማረች። ዛሬም በዚያ በረንዳ ላይ ሽምግልና አለ፣ ዛሬም ሻሿን ስባ የምትመጣ ሴት አለች፤ ሁሉ ነገር ተለወጠ ብዬ ብዋሽ ጋሽ ተፈራ ይስቁብኛል። ሕጉ ያኔም ነበረ፣ ዱላውም ዛሬ አለ። የተለየው፣ አባቴና ጋሽ ተፈራ ባልየውን ከመስማታቸው በፊት ሴቲቱን ለብቻዋ ከእናቴና ከአክስቴ ጋር ጓዳ ያስገቧታል፤ መመለስ አልፈልግም ካለች እርቁ እዚያው ያበቃል፣ ጣቢያ መሄድ ካሻት አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ አብራት ትሄዳለች። ይህን ስለሚያደርጉ አንዳንድ ሰው ቤት አፍራሽ ይላቸዋል።

የኔ ኒካህ በታሰረበት ቀን፣ እንግዳው ሳይበተን፣ አባቴ ጓዳ ጠርቶኝ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እንደ ወጉ ምክር ይሆናል ብዬ፣ ባልሽን አክብሪ፣ ሰብር አድርጊ ሊለኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ሀዋ፣ ልጄ» አለኝ፣ «እጁን ካነሳብሽ በዚያው ቀን ወደ ቤትሽ ነይ። ሽማግሌ ሆኜ አልመልስሽም።» ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እኔም እጁን ስቤ ሳምኩት። ባሌ እስከዛሬ ክፉ አልነካኝም፣ አልሀምዱሊላህ፤ ቢነካኝ ግን የት እንደምሄድ አውቃለሁ፤ ከኔ በፊት በቤታችን ይህን አውቃ ያገባች ሴት አልነበረችም። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በቀኝ ጆሮዋ ሁሉንም ሰምታለች፤ ለኔም ለአባቴም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ ቀስ ብላ፣ «ለካ እንዲህም ማለት ይቻል ኖሯል» አለች። አባቴ ሰማት፤ ዞሮ ሊያያት ግን አልቻለም።